የቅሬው ፕሮግራምና የእኔ ፊርማ

ተረፈ፣ ሱረያ! የሳጂዳ ፕሮግራም ተረፈ! የእኔ ነው ያለው የአዲስ አበባ ሰውዬ ትናንት ማኅተም ባለው ደብዳቤ፣ ክስ የሚባለውን ትቻለሁ፣ የወሰድኩትንም እንደ ፕሮግራሙ ፈቃድ ለሁሉም ክፍት አደርጋለሁ ብሎ ጻፈ። አልሐምዱሊላህ! ደስታው ሰላምታውን እንኳ አስረሳኝ።

በይ አሁን አሰላሙ ዓለይኪ እታለም። አማን ነሽ ወይ? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባድሩ ሥራው እንዴት ነው? ሒክማስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? የዶሃ ሙቀት ከአሁኑ ጀመራችሁ? እኛ ጀሊሉ ይመስገን ደኅና ነን፤ ሐሰንም ጉልበቱን ከሚቆረጥመው በቀር ደኅና ነው። ሁለት ወር ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት ጠልቼሽ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበርና።

ሳጂዳ ለቅሬያችን፣ ከተሜው እድር ለሚለው፣ የሠራችውን ታውቂዋለሽ። ሰው ሲሞት ጋሽ ዝናው ጉብታው ላይ ቆመው ይለፍፉት የነበረውን፣ አሁን በስልክ መልእክት ለየቤቱ ያደርሳል። መቃብር የመቆፈር፣ እንጨት የማምጣት፣ ውኃ የመቅዳት ተራው የማን እንደሆነም ይናገራል። ልጅቱ እንደጨረሰችው ለሕዝብ ለቀቀችው፤ ኦፕን ሶርስ የሚሉት እሱን ነው። ፈቃዱም አጭር ነው፦ የፈለገ ይውሰደው፣ ይጠቀምበት፣ ያሻሽለው፤ አሻሽሎ ለሌላ ከሰጠ ግን እሱም ክፍት አድርጎ ይስጥ። ከዚያ ወዲህ አንድ የባቲ ልጅና ሳጂዳ በዓይኗ አይታት የማታውቅ አንዲት የኬንያ ልጅ እየጨመሩበት አሳምረውታል።

በየካቲት፣ ረመዳን ሳይገባ፣ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ በመኪና መጣ። የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ነኝ አለ። ሳጂዳ ደሴ ትምህርቷ ላይ ናት። እንግዳ ነውና ትኩስ ዓሣ ጠብሼ አበላሁት። እጁን ታጥቦ ሲያበቃ፣ «የልጅዎን ፕሮግራም ለከተማ እድሮች ልናደርሰው ነው፤ ፈቃድዎን በፊርማ ያድርጉልን» አለኝ። እኔ ደግሞ ሰባት ዓመት የቅሬው ዕቃ ቤት ያዥ ነኝ። ጎረቤት ቅሬ ሀዘን ሲደርስበት ድስትና ድንኳን ይጠይቃል፣ እፈርማለሁ፣ ይወስዳሉ፣ አጥበው ይመልሳሉ። ለሀዘን የተጠየቀ ዕቃ መከልከል በእኛ አገር ነውር ነው። እንደ ድስቱ መስሎኝ ፈረምኩ። አሥር ገጽ ነበር፤ አንዱንም አላነበብኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ምን ልማር እንደሄድኩ እንጃ!

በሦስተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ፕሮግራሙ የድርጅታችን ብቸኛ ንብረት ስለሆነ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከሁሉም ስልክ ይጥፋ፣ አለዚያ ሳጂዳ ሐሰን በፍርድ ቤት ትጠየቃለች ይላል። ልጄን በገዛ እጄ ለክስ ዳረግኳት! የቅሬው ዳኛ ጋሽ ምስጋናው፣ ነገሩ እስኪጣራ ይዘጋ አሉ፤ ተዘጋ። በአራተኛው ቀን የጎረቤታችን የመስኡዳ አባት ሞቱ። ጋሽ ዝናው ወጥተው ለፈፉ፤ ግን ድምፃቸው ደክሟል፣ ሰውም ማዳመጡን ትቶታል። በአርዲቦ መንገድ ያሉት አባሎች የደረሱት ጀናዛው ከተቀበረ በኋላ ነው። መስኡዳ አየት አድርጋኝ አለፈች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳጂዳ ስትመጣ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብባ፣ «እማ፣ የሌለሽን ነው የሰጠሽው» አለችኝ። ሥራው የእኔ አይደለም፤ የእሷም ብቻ አይደለም፣ የባቲው ልጅና የኬንያዋም አሉበት። አንዴ ለሕዝብ የተሰጠ ፈቃድም ተመልሶ አይነጠቅም። ይሁን፣ ግን ጠበቃ የያዘን ሰው በቃል ማን ያሸንፈዋል? ልጅቱ ድርጅቱ ለእድሮች የሚሸጠውን አፕ በአባቷ ስልክ ላይ ጫነችው። የእድሩ ስም በሚጻፍበት ቦታ ምንም ሳትጽፍ ነካችው። ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? «ሐይቅ ዳር ቅሬ»! የራሳችን ስም! ቦታው ባዶ ሲሆን እንዲወጣ ብላ እሷው ያስገባችው ነው። ሲወስዱት እንኳ አላጸዱትም፤ ከክፍቱ እንደወሰዱት፣ ለሌላ ሲሰጡም ክፍት ማድረግ እንዳለባቸው ስማችን መሰከረባቸው።

ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ጋሽ ምስጋናው ሰውዬውን ቅሬው ፊት አስጠሩት፤ ጠበቃውን ይዞ መጣ። «ልጄ፣ ስልክህን አውጣና አፕህን የእድር ስም ሳትጽፍ ንካው» አሉት። ነካው። ፊቱ በርበሬ መሰለ። ጋሽ ዝናው፣ «እኔ ሠላሳ ዓመት ለፍፌ ስማችንን ከአስፋልቱ አላሻገርኩትም፤ ይኼ አዲስ አበባ አደረሰልን!» ቢሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፣ ጠበቃውን አይ ነበር። ጠበቃው በጆሮው አንድ ነገር አለውና ተነሥተው ሄዱ። ከዚያ አንድ ወር ተኩል ከእነሱ ወሬ ጠፋ። ኢዱን እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር የፍርድ ቤት መጥሪያ ይመስለኝ ነበር።

አሁን የገባኝን ልንገርሽ። ድስት ሳውስ እኔ ቤት ድስት ይጎድላል፤ ፕሮግራም ሲዋስ ግን እዚህም እዚያም ሙሉ ነው። ታዲያ ምን አስነፈገን? ይውሰድ፣ ይሽጥበትም። ወስዶ ተመልሶ አንቺ አትቀቅይበት የሚለኝን ነው የማልችለው። አንቺም በእኔ አይፎን አይከፈትም ብለሽ ልጅቱን ወቅሰሻት ነበር። የዚያ ስልክ ገበያ በየዓመቱ ክፍያ ይጠይቃል አለችኝ፤ ቅሬው ደግሞ በአንድሮይዱ ብቻ ይበቃናል ብሏል። ስልኩን የገዛሽው አንቺ፣ የሚጫንበትን የሚፈቅደው ሌላ! ወላሂ አይዋጥልኝም። ሳጂዳ ግን ለሒክማ ስትል መላ እፈልጋለሁ ብላለች።

በይ ባድሩን ሰላም በይልኝ፣ ሒክማን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ሐሰን ናፍቃችሁኛል ይላል። ሳጂዳ አክስቴን እጇን ሳሚልኝ ብላለች። መስኡዳም ሰላም ብላሻለች፤ ትናንት ደብዳቤውን ሰምታ መጥታ አቀፈችኝ።

እህትሽ ሀፊዛ፣ ሐይቅ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ባድሩ የዓመት ፈቃዱን ከአሁኑ ይጠይቅ! ቅሬው ሁለት በግ ገዝቷል፤ አንዱ በእኛ፣ አንዱ በእነ ጋሽ ምስጋናው እጅ ይታረዳል። የእነሱ የሐዋርያት ጾም ሰኞ ስለሚገባ ቀኑ ወደ ሌላ ሳምንት አይገፋም። ዱዓውና ድግሱ የአረፋ ሰሞን፣ ቅዳሜ ግንቦት 30 ነው፤ ሦስታችሁም፣ ማንም እንዳይቀር።