ደሳለኝ ያለ እኔ የሠራው አልበም

ማክሰኞ፣ ጥር 13። ጠዋት 2፡00

የ10ኛ "ሀ"ን ፈተና እያረምሁ ነው። አርባ ሁለት ወረቀት ይቀራል። ባጃጅ አለፈ፤ ያው ዘፈን። ከነጋ ሦስተኛው ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አስቀመጥሁ።

ድምፁ የታናሽ ወንድሜ የደሳለኝ ነው። ሁለተኛ አልበሙ ወጥቷል። አልገዛሁም። ባልገዛም ቆቦ ከተማ በግድ ያሰማኛል።

አንተ ደብተር ታውቃለህ፣ ለሌላ ሰው አልተናገርሁም። የመጀመሪያው አልበም ከአራት ዓመት በፊት ወጣ። ዐሥሩንም ግጥም የጻፍሁት እኔ። ደሴ ስቱዲዮ ድረስ ሄጄ፣ ሰዓት ይዤ ከራሱ ላይ የተቀመጥሁት እኔ። ሰው አልሰማውም። ከዚያ በአክስታችን ባል ለቅሶ፣ ድንኳን ሙሉ ዘመድ ባለበት፣ ግጥም ምን ያደርግለታል፣ ልጁ ድምፅ የለውም አልሁ። ከኋላዬ ተቀምጦ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ቤቴን አልረገጠም።

ቅዳሜ አዳራሽ ውስጥ የአልበሙ ምረቃ አለ። አዘጋጆቹ ንግግር አድርግ ይሉኛል። ታላቅ ወንድሙም የአማርኛ መ/ርም ነህ አሉ። እሺም እንቢም አላልሁ።

ያው ቀን። 10፡30

ባለቤቴ አልማዝ ስልኳ ላይ ጭናው ኖሯል። ሰማሁት። ወረቀት ይዤ፣ ስሕተት ልለቅም።

1ኛ ዘፈን፦ ጭብጨባው እኩል አይደለም። 2ኛ፦ ሴቶቹ ስንኙን ሳይጨርስ ይነጥቁታል። 3ኛ፦ አንድ ሰው ያስላል፤ አላወጡትም። ስቱዲዮ አይደለም። ጎረቤት ከተማችን ዋጃ፣ የሠርግ ዳስ ውስጥ ነው የተቀዳው፤ አልማዝ ነገረችኝ።

4ኛው ላይ መጻፍ አቆምሁ። አንድ ስንኝ አውጥቶ ዝም ይላል። ሴቶቹ እስኪመልሱለት ይጠብቃል። አይቸኩልም። ሲመልሱለት ድምፁ ከእነሱ ላይ ይነሣል። ይህ ሰው ድምፅ የለውም?

በመጀመሪያው አልበም እንዲህ ያለ ቦታ አንድም የለም። ያኔ ሦስት ሴት ተቀባዮች ከዋጃ ደሴ ድረስ ይዞ መጥቶ ነበር። ጭብጨባቸው ይቀድማል ብዬ ከበር መለስኋቸው። አውራጁንም ተቀባዩንም ደሳለኝ ራሱ እንዲዘፍነው አደረግሁ፤ ድምፁን በድምፁ ላይ ደርበን። የራያ ዘፈን፣ ያለ ተቀባይ። ማሽላ ጠባቂ እንኳ እንዲህ አይሳሳትም። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል።

ማርክ፦ የመጀመሪያው 38። ይህ 91። ዘጠኙን የነሣሁት ለ7ኛው ዘፈን ኪቦርድ ነው። እዚያ ላይ አልደራደርም።

አልማዝ ፊቴን እያየች ነው። ደህና ነው አልኋት። "ደህና ብቻ?" አለችና ስልኳን ወሰደች።

ሐሙስ፣ ጥር 15። 9፡00

ዋጃ ደርሼ መመለሴ ነው። ለአልማዝ ሌላ ምክንያት ነገርኋት። የሄድሁት ወ/ሮ ዘሃራን ፍለጋ ነው፤ ከመለስኋቸው ከሦስቱ ሴቶች ታላቂቱን። በሯ ላይ ተቀምጣ ማሽላ ታበጥራለች። ገና ከሩቅ አወቀችኝ።

"መምህር፣ ሰዓትህን ጥለኸው መጣህ?"

ጎረቤቶቿ ሳቁ። ታሪኩን ያውቁታል ማለት ነው። ተቀመጥሁ።

ነገረችኝ። ደሳለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ የሠርግ ወር በገባ ቁጥር ዋጃ ይመጣ ነበር። ዝፈን ሲሉት እንቢ። ከተቀባዮቹ ኋላ ቆሞ ማጨብጨብ ብቻ። አልበም ያወጣ ሰው ጭብጨባ ሊማር መጣ ብለው ጎረምሶቹ ቀለዱበት። አልሄደም። በሦስተኛው ዓመት ሴቶቹ ራሳቸው ወደ መሐል ገፉት።

ስለ መጀመሪያው አልበም ምን አላችሁ ብዬ ጠየቅኋት። ስሜን አንሥቶ እንደሆነ ለማወቅ።

"‹እትዬ ዘሃራ፣ ቸኩዬ ነው፤ የመለስኋችሁ እኔ ነኝ› አለን። እኛማ በዓይናችን አይተንሃል። ወላሂ፣ ሲዋሽልህ ብናይ አሳዘነንና ዝም አልን።"

ሚኒባስ ውስጥ የያዘኝ ቁጣ ነው። በማን ላይ እንደሆነ አልጽፍም።

ዓርብ፣ ጥር 16። 11፡00

ንግግሩን ሦስት ጊዜ ጻፍሁ። "አርቲስቱ በመጀመሪያ ሥራው የታየበትን ጉድለት በትጋት አርሞ…" የማን ጉድለት? ቀደድሁት።

ደሳለኝ ደወለ። ከአራት ዓመት በኋላ። ከፊት ወንበር ተይዞልሃል፣ ና አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። የመጀመሪያውን አልበም እንዳላነሣ ለመነኝ። ሰው ረስቶታል፣ ይቅር አለ። ለራሱ አይደለም የፈራው፤ ለእኔ ነው። ተማሪዎቼ ይመጣሉ፣ ር/መምህሩ ይመጣል፣ ዘመድ ሁሉ ይመጣል።

ጮኽሁበት። ማን ጠብቀኝ አለህ አልሁት። ዘጋሁት።

እሺ ብል ቀላል ነው። ሄዶ ማጨብጨብ፣ ወንድሜ ኮርቼብሃለሁ ማለት፣ ከፊት ወንበር ፎቶ መነሣት። ማንም አይጠይቀኝም። እሱም እስከ ሞቱ አይናገርም። ይሄ ነው የሚያናድደኝ፤ እንደማይናገር ማወቄ።

ቅዳሜ፣ ጥር 17። 7፡30

ምረቃው 9 ሰዓት ነው። እኔው ደወልሁ። የለቅሶው ድንኳን ዘመድ ሁሉ በሚሰማበት እውነቱን እንደምናገር ነገርሁት።

"እንግዲያው አሳጥረው፣ ጋሼ" አለ። "አንተ ከጀመርህ ማቆሚያ የለህም።"

ወረቀት አልይዝም። አራት ነገር ብቻ። ግጥሙ የኔ ነበር። ሴቶቹን ከበር የመለስሁት እኔ ነኝ። ድምፅ የለውም ያልሁት የራሴን ጥፋት ልሸፍን ነው። አራተኛውን ወደ ዘመድ ሳይሆን ወደ እሱ ዞሬ ነው የምለው። ከጠዋት ጀምሮ እየሞከርሁት ነው፤ አፌ ላይ ሲደርስ ይሰበራል። አልማዝ ረፈደ እያለች ትጣራለች። እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ፦ ደሳለኝ፣ እኔ ወንድምህ በድዬሃለሁና ይቅር በለኝ።