የዋንዛው አልጋ

ለምወድህ ባለቤቴ፣

ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? መልስ እንደማይመጣ እያወቅሁ የምጠይቅህ፣ ጤናህን ሳልጠይቅ ወሬ መጀመር ስለማላውቅበት ነው። እኔ ደህና ነኝ። ልጃችን ኢየሩስም ደህና ናት፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስሟን መጥራት አቅቷታል። የአርባ ምንጭ ሙቀት ያው እንደምታውቀው ነው።

ደቡብ አፍሪካ እንገባለን ብላችሁ አብሮህ የወጣው ገነነ ብቻውን ተመለሰ። ታመህ ማላዊ ጫካ ውስጥ እንደተለያችሁ ነገረን። እናትህ ለቅሶ ተቀመጡ፤ እኔም አብሬ ተቀመጥኩ። ፀጉሬን ግን አልተላጨሁም፤ አስከሬንህን ሳላይ ምን ብዬ ልላጭ? በዚህ ተቀይመውኛል።

የእንጨት መቅረጫ ቶርኖህን የማሠራው እኔ ነኝ። አትሳቅ፣ የወንበር እግር ካንተ አሳምሬ አወጣለሁ። ክረምቱ ሲወጣ እናትህ ለወንድምህ ለደግፌ የሠርግ አልጋ አዘዙኝ። እንጨቱም አንተ ለእኛ አልጋ ብለህ ጓሮ ያቆምከው ዋንዛ ይሁን አሉ። ተከራከርኩ። ያለ ሥራ ቆሞ ከሚበሰብስ ይሻላል አሉኝ። እንጨቱን ማለታቸው መስሎኝ ነበር።

ስሰነጥቀው ላዩ ያማረው ዋንዛ ውስጡን ነቀዝ በልቶታል። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። አይሆንም ብዬ ልመልሰው ስል እናትህ እንደምንም አድርጊው አሉ። ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ሞላሁት። አንደኛው እግር ግን ነቀዙ እስኪጠራ ስልጠው በጣም ቀጠነ። አንዱ ከቀጠነ ሌሎቹን ወደ እሱ አውርጂ ብለህ አይደል ያስተማርከኝ? ደህናዎቹን ሦስቱንም አቀጠንኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ ለሰው ሰጋቱራ ዓይኔ ገባ አልኩ።

እናትህ አልጋውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ ሁለት ሰው ይችላል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይችላል አልኩ። ደግፌ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማል። ድሮ የወንድሜ ሚስት፣ ዋርሳዬ እያለ ሲያሾፍብኝ የሚውለው ልጅ አሁን በስሜ ነው የሚጠራኝ፣ ያውም መሬት መሬት እያየ። እሱንም ማን ጠየቀው?

እሑድ ሽማግሌዎች መጡ። እምቢ ብል ጨንቻ እናቴ ቤት እንደምመለስ፣ ኢየሩስ ግን የአባቷ ወገን ስለሆነች እዚሁ እንደምትቀር በትሕትና አስረዱኝ። መልሴን ሰጠኋቸው።

ዛሬ ጠዋት ቫርኒሹ ደረቀ። ደግፌና ገነነ አልጋውን ተሸክመው ከቶርኖ ቤቱ ወጡ። ከግቢው ግን አልወጡም። አሮጌውን አልጋችንን ከመኝታ ቤታችን አውጥተው አዲሱን በቦታው አስገቡት።

እመቤቴ ማርያም ካለህበት ትጠብቅህ። በሕይወት ካለህ የሚያበላህ ሰው አትጣ፤ በሕይወት ከሌለህም ነፍስህን ታሳርፍልኝ። መንገድ ላይ ከሆንክ ግን ከእንግዲህ አትቸኩል።

እስከ ዛሬ ሚስትህ