ጉዳዩ፦ የፋይል ማሰሪያ በልጄ ጫማ ላይ ስለመገኘቱ

ለተከበሩ የግዥ መምሪያ ኃላፊ፣
ለተከበሩ የሠራተኞች ደህንነት መምሪያ ኃላፊ፣
(ሁለቱም እርስዎ ስለሆኑ አንድ ቅጂ ብቻ ልኬያለሁ፤ ወረቀት መቆጠብን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።)

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ በተለይም ለሁለቱ እግሮችዎ ጤና ያለኝን ልባዊ ምኞት በትህትና አቀርባለሁ። እግርን ያነሣሁት ለነገር ማሳመሪያ አይደለም። ሰሞኑን ሰው ሳገኝ ቀድሜ የማየው ፊቱን ሳይሆን እግሩን ሆኗል፤ ሰላምታ የምሰጠውም ሁለቱም በቦታቸው መኖራቸውን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።

እኔ በድንጋይ መፍጫ ጣቢያው የማጓጓዣውን ቀበቶ የማስነሣ ሠራተኛ ነኝ። ጠዋት ደወሉን ደውዬ አረንጓዴውን ቁልፍ ስጫን፣ ቀበቶው ድንጋዩን ተሸክሞ ወደሚፈጨው ክሬሸር አፍ ይጓዛል። በቀበቶው ዳር ባለው ጠባብ የብረት መተላለፊያ ላይ ደግሞ ከድንጋዩ መሐል ሥራ ሥርና ቁርጥራጭ ብረት የሚለቅሙ ሠራተኞች ይቆማሉ። ከእነሱ አንዷ የመጀመሪያ ልጄ ናት። እንግዲህ ክቡርነትዎ እንዲረዱልኝ የምፈልገው፣ ያንን ቁልፍ በየጠዋቱ የምጫነው የገዛ ልጄ ቀበቶውን ከሚያዞረው ሮለር አጠገብ ቆማ እያየሁ መሆኑን ነው። ባልደረቦቼ “ቦቅቧቃው” ይሉኛል። ስሙ ልክ ስለሆነ ተቀይሜ አላውቅም። ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ፤ እኔ ደግሞ ለልጄ ልሁን ብዬ ነው።

የዚህ ግልጽ ደብዳቤ ዓላማ ምስጋና ብቻ ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይደባለቅብዎ በተራ ቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. ስለ ማሰሪያው አመራረጥ። የሴፍቲ ጫማዎቻችን ክር ተበጣጥሶ ባለቀ ጊዜ የመጋዘን ሠራተኛችን ወደ ቢሮዎ ደውሎ “ማሰሪያ አልቆብናል፣ ቶሎ ላኩልን” አለ። የምን ማሰሪያ እንደሆነ አልተናገረም። እሱ ጫማ ሲያድል የሚውል ሰው ስለሆነ በዓለም ላይ ሌላ ማሰሪያ ያለ አይመስለውም። በእርስዎ ቢሮ በኩል ደግሞ ወረቀት ሲታሰር ስለሚዋል፣ ከፋይል ማሰሪያ በቀር ሌላ ማሰሪያ ያለ አልመሰላችሁም። በዚህ ዓይነት ጫፍና ጫፉ በቆርቆሮ የተለበጠ ቀጭን የጥጥ ክር በካርቶን ተጭኖ መጣልን። ተሳስቶ ነው፣ ተመልሶ ይወሰዳል ብለን ስንጠብቅ፣ ከቢሮዎ ስህተት ወጥቶ እንደማያውቅ በማስታወቂያ ሰሌዳ ተነገረን፤ ክሩም “ሁለገብ ማሰሪያ” የሚል ስም ወጥቶለት ለጫማ እንዲታደል ታዘዘ። ስሙን በመቀየር ብቻ እቃ ማጠንከር የቻለ ኃላፊ ከእርስዎ ሌላ ስለማላውቅ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

፪. ስለ ጥንካሬው። የጥጥ ክር ለፋይል ጥሩ ነው፤ ፋይል አይራመድም። እኛ ዘንድ ግን የድንጋይ ብናኙ ክሩ ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ይበላዋል፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ የተረፈውን የጫማው የብረት ቀለበት ይጨርሰዋል። ሠራተኛው መላ ሲያጣ ክሩን ሦስት ሦስት አድርጎ እየጎነጎነ ማሰር ጀመረ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባባል በዚህ መልኩ በተግባር ስላሳዩን እናመሰግናለን። የጎደለው ነገር ቢኖር የተጎነጎነው ክር ቋጠሮ አለመያዙ ነው። በተራመዱ ቁጥር ይፈታል፤ ሲፈታ ጭራው እየተጎተተ ይከተላል፤ በዚያ ላይ ሦስት ሆኗልና አይበጠስም። መያዝ ሲገባው የማይዝ፣ መበጠስ ሲገባው የማይበጠስ ክር ማለት ይህ ነው።

፫. ስለ ገበያዬ። ፈሪ ሰው አርፎ አይቀመጥምና ለልጄ ጫማ የሚሆን ክር ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ስለ ጫማ ክር ይህን ያህል የሚመረጥ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ ክብ የናይለን ክር ገዛሁ፤ ጥንካሬውስ ጠንካራ ነበር፣ ነገር ግን ከመንሸራተቱ የተነሣ ልጄ ከቤት እስከ አጥር ሳትደርስ ተፈታ። ቀጥሎ የቆዳ ጠፍር አመጣሁ፤ ዝናብ መትቶት ሲደርቅ እንደ ሽቦ ገተረና ሊታጠፍ እምቢ አለ። በመጨረሻ ሰም የጠጣ፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ጠፍጣፋ የፖሊስተር ክር አገኘሁ። ሰሙ ብናኝ አያስገባም፣ ቋጠሮውንም ነክሶ ይይዛል። ርዝመቱን በጫማው ቀዳዳዎች ልክ አስቆረጥኩ፤ ሁለቴ ተቋጥሮ የሚተርፈው ጫፍ ከጣት እንዳይበልጥ። ፍርሃቴ አልበርድ ስላለም ውሃ የሞላ ጀሪካን በክሩ አንጠልጥዬ በወጥ ቤቱ በር ላይ ሰቀልኩት። ባለቤቴ ይህን ስታይ “ሰውዬው ዘንድሮስ ለየለት” ብላ ለእህቷ ደወለች። ክሩ ግን ንቅንቅ አላለም፤ እኔም ከስንት ጊዜ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ደስታዬ እስከ ጣቢያው በር ነበር። የደህንነት ተቆጣጣሪዎ የልጄን እግር አይተው፣ ድርጅቱ ያላቀረበውን ማሰሪያ መጠቀም በደንቡ የተከለከለ መሆኑን ካስረዷት በኋላ ክሩን ሊቆርጡ መቀስ አወጡ። መቀሱ እምቢ ብሏቸው ብዙ ታገሉ፤ ወዛቸው ጠብ እስኪል ድረስ። በመጨረሻ ቆረጡትና በምትኩ ሁለገቡን ማሰሪያ ሰጧት። የገዛሁት ክር ጥራት በራስዎ ተቆጣጣሪና በራስዎ መቀስ ስለተመሰከረልኝ እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ።

፬. ይህን ቁጥር ልዘለው ነበር።

ልጄ ሥራ ቦታ “አባዬ” ብላኝ አታውቅም። ደወሉን የምደውለው እኔ ስለሆንኩ ለቃሚዎቹ “አለቃ” ይሉኛል፤ እሷም ሰው የአለቃ ልጅ እንዳይላት ብላ እንደ እነሱ ነው የምትጠራኝ። በዚያው ሳምንት፣ ቀበቶው ሙሉ ጭኖ እየሄደ ሳለ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል “አባዬ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀዩን ቁልፍ መታሁት። ቀበቶ ግን እንደ ሰው ቁም ሲሉት ቀጥ አይልም፤ ጭነቱ እየገፋው ይሄዳል። ሮጬ ስደርስ፣ የተፈታው የክሩ ጭራ ሮለሩ ላይ ተጠምጥሞ እግሯን ወደ ውስጥ እየሳበ ነበር፤ እሷ የመተላለፊያውን ብረት በሁለት እጇ አንቃ ይዛለች። ሦስት ሆኖ የተጎነጎነው ክር አልተበጠሰም። ያተረፋት ጫማው ነው። ሴት ሠራተኛ መኖሯ ሳይታሰብ ሁሉም በወንድ ቁጥር ስለተገዛ ለእሷ ሰፊ ነበርና እግሯ ሾልኮ ወጣ። ጫማው ከሮለሩ ተስፈንጥሮ ቀበቶው ላይ ወደቀና ብቻውን ሄደ፤ ክሬሸሩ ሲበላው የተሰማውን ድምፅ አልጽፈውም። ልጄን መተላለፊያው ላይ አስቀምጬ፣ የተወለደች ዕለት እንዳደረግኩት፣ የእግሯን ጣቶች በካልሲዋ ላይ አንድ በአንድ ደባበስኩ። አንዱ ስህተትዎ ሊገድላት ሲል ሌላው ስህተትዎ ስላዳነልኝ፣ ለሁለተኛው ስህተት ያለኝ ምስጋና ከልብ ነው፤ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ከዚያ ወዲህ እፈራለሁ። ልጄ “አባዬ፣ ደግሞ አታካብድ” ብላኝ የጓደኛዋን አሮጌ ጫማ ተውሳ ወደ ቦታዋ ተመልሳለች፤ የታሰረውም በዚያው ክር ነው። እኔ ግን አረንጓዴውን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት ጎንበስ ብዬ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ጫማ አያለሁ። ደወሉን ስደውል የምጠራት ይመስለኛል።

፭. ስለ ሰጡን ምላሽ። አደጋውን አስመልክቶ በሰሌዳው ላይ ያወጡትን ማስታወቂያ አነበብኩ። “አንዳንድ ሠራተኞች ጫማቸውን በአግባቡ ባለማሰራቸው፣ በአለባበስ ረገድም ተገቢውን ጥንቃቄ ባለማድረጋቸው፣ የድርጅቱን ንብረት ለብክነት በመዳረግ…” እያለ እስከ ታች ይወርዳል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ማሰሪያ አንቀጽ የለውም። ለካ ማሰሪያ ያለቀው በእኛ መጋዘን ብቻ አልነበረም። ያጣነውን በእኩል ስለተካፈሉን ክብረት ይስጥልን።

ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬን ስጨርስ አንድ ነገር ላሳውቅዎ ይገባል። ከሰኞ ጀምሮ ቁልፉን አልጫንም። መተላለፊያው ላይ የቆሙት ሁሉ የሚይዝ ክር በልካቸው ጫማ ላይ እስኪያስሩ ድረስ አልጫንም። ጀግና የሆንኩ እንዳይመስልዎ፤ ጀግና ብሆን ኖሮ እንደ እስከ ዛሬው እጫነው ነበር። ፈርቼ ነው። ከሥራ መባረርን እፈራለሁ፣ የቤት ኪራይን እፈራለሁ፣ እርስዎንም እፈራለሁ፤ ሁሉንም ብደማምራቸው ግን ያችን “አባዬ” የምትል ድምፅ ዳግመኛ ከመስማት ፍርሃት አይበልጡም። ሥራው እንዳይስተጓጎል ከፈለጉ ሰኞ ጠዋት ብቅ ብለው እርስዎ ይጫኑት። ቁልፉ አይከብድም፣ በአንድ ጣት ይበቃል። ልጄ ከግራ በኩል ሁለተኛዋ ናት።

ለጥ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ለጥ ማለቴም ለእርስዎ ካለኝ አክብሮት ባሻገር የሰውን ጫማ ክር ለማየት ስለሚመቸኝ መሆኑን እየገለጽኩ፣ ረዥም ዕድሜና የማይፈታ ቋጠሮ እመኝልዎታለሁ።

ታዛዥዎ ለመሆን የፈራው፣
ቦቅቧቃው፣ የቀበቶ አስነሺ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጄ አዲስ ጫማ ለመውሰድ አሮጌውን ማስረከብ እንዳለባት ተነግሯት ከመጋዘን ባዶ እጇን ተመልሳለች። ደንብ ደንብ ነውና ጫማው የት እንደደረሰ አጣራሁ። የዚያን ዕለት ጠጠር በሙሉ የተጫነው ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ የተነጠፈውም በእርስዎ መኪና ማቆሚያ ላይ ነው። እባክዎ ከዚያው ለቅመው ይረከቡልን። እግሩ አብሮ ባለመቅረቡ ርክክቡ ጎደሎ ከሆነብዎ ይቅርታ እንጠይቃለን።