ጸሀይ ወይስ ፀሐይ

እሑድ፣ ጠዋት

ማስታወሻዬ፣ ጌዴራ ከተማ ያለችው እኅቴ ደወለች። ባለፈው ሳምንት በኤደን ኮምፒውተር መቀመጤን ሰምተው እዚያ የሚያወሩት፣ ውኃ ደፍቼ አቃጠልሁት ነው። ሐሰት። ኮምፒውተሩ ደኅና ነው። እኔ የነካሁት ሁለት ፊደል ነው። ይህን ግን ለእኅቴ አልነገርኋትም። ለኤደንም።

እሑድ፣ ከሰዓት

በሥርዓት ልጻፈው። ኤደን የልጄ ልጅ ናት። እዚሁ እስራኤል፣ ያቭነ ከተማ ትሠራለች፤ ገና በሙከራ ላይ። አረጋውያን በአማርኛ የሐኪም ቀጠሮ የሚይዙበትን ድረ ገጽ ይሠራሉ። የቀለሙና የቁልፉ መልክ ሁሉ በአንድ ጥቅል ተቀምጧል፤ ጥቅሉን ከገጾቹ ጋር የሚገጥመው ሌላ ፕሮግራም ነው። ጥቅሉ የኤደን ሥራ ነው። ለቀለሞቹ ስም ያወጣችው በአማርኛ ነው። ኮራሁ።

ባለፈው ሳምንት ገጹ ላይ የሚነበበውን እንዳርም ኮምፒውተሯን ከፍታልኝ ሱቅ ወረደች። አረምሁ። ዐይኔ ግን አጠገቡ ካለው የቀለም ዝርዝር ገባ። ቢጫው «ጸሀይ» ይላል። በእኔ ቤት! መምህራችን ለዚህ ጆሮ ይቆነጥጡ ነበር። «ፀሐይ» አድርጌ አስቀመጥሁት። ማን ፈቀደልኝ?

ሰኞ፣ ማታ

ኤደን ራት አልበላችም። ጥቅሉ አልገጥምም ብሏል። ገጾቹ «ጸሀይ» ብለው ይጠራሉ፤ በዚያ ስም የሚመልስ የለም። ከባልደረቦቿ አማርኛ የሚያነብ የለም፤ እሷ ራሷ ሁለቱን ለይታ ያየችው ወደ ማምሻው ነው፤ ማረሙ ለነገ አደረ። አለቃዋ ግድ የለሽ ብሏታል። ያሰናብታት እንደሆነ ነገ ይወስናል። የኔ ስሕተት ነው ብላዋለች። የራሷ መስሏታል።

ሾርባ አሞቅሁላት። ወደ መኝታዬ ገባሁ። ፈሪ።

ማክሰኞ፣ ከንጋት በፊት

አልቻልሁም። ቀስቅሼ ነገርኋት።

«ሳፍታ፣» አለችኝ፤ አያቴ ማለት አይሆንላትም። «ማሽን ጆሮ የለውም። ለኛ አንድ ድምፅ ነው፤ ለሱ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው።»

ትክክሉ ግን ፀሐይ ነው አልኋት። አሁንም!

«ቤሰደር፣ እሺ። አንቺ ትክክል ነሽ፣ እኔ ከሥራ ውጪ ነኝ።»

ለአለቃሽ እኔ እነግረዋለሁ አልሁ። ሳቀች። ዕብራይስጤ እንዳይሰበርብኝ ብዬ ክሊኒክ እንኳ በእኔ ፈንታ እሷ እንድትናገር እንደማደርግ አስታወሰችኝ። እውነቷን ነው።

ገና አልነጋም። ሲነጋ መጀመሪያ፦ በራሴ እጅ «ጸሀይ» ብዬ እመልሳለሁ። ከዚያ አብሬያት ያቭነ እወርዳለሁ። ከዚያ አለቃዋ ፊት ቆሜ በዕብራይስጥ እናገራለሁ፤ ብሳሳትም ሳላርም፣ እስከ መጨረሻው።