ለእንግዳ ሁሉ የነገርካት ልጃችን

ይድረስ ለአንተ፣ ለትርንጎ አባት።

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። ቤቱ ደህና ነው። ገብሱን ውርጭ መትቶት ግማሹ ቀረ፤ የተረፈውን ወንድምህ አጭዶ ከመረልኝ። ሁለቱ በጎች ወልደዋል። ጣራው ያፈስ ስለነበር፣ የተጠበቀው የጓሳ ተራራ ለአጨዳ ሲከፈት ሳር አስመጥቼ አስከደንኩት። የምጽፍልህ ግን ይህን ልነግርህ ብዬ አይደለም። ተናድጄብሃለሁ። መቃብርህ ላይ ቆሜ እንዳልናገር ሰው ይሰማኛል፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ደምሴ መጣ። ስንት ዓመት ካንተ ጋር እንግዳ ሲያስጎበኝ የኖረው ደምሴ፣ አሁን ቦታህን የያዘው። «እትዬ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች አሉ፤ እሱን ያውቁታል። እርስዎን ማየት ፈልገዋል» አለኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ በመኪናቸው ወደ ጓሳ ወጣሁ።

ጓሳን አላውቀውም አልልም። ሳሩ ሲፈቀድ ማጭድ ይዤ ወጥቻለሁ፤ ጎንበስ ብዬ አጭጄ፣ ተሸክሜ ወርጃለሁ። ቀና ብዬ ያየሁት ነገር ግን የለም። አንተ የሰው አገር ሰው ሁሉ እየመራህ ስታሳይ፣ እኔን አንድ ቀን እንኳ «ነይ ላሳይሽ» አላልከኝም። ደምሴ የሩቅ ማያ መነጽሩን ሰጠኝና ቀይ ቀበሮ አየሁ። አይጥ ጉድጓድ ላይ ጆሮዋን አቁማ ቆይታ ቆይታ፣ በአራት እግሯ ዘላ ያዘች። እንደ ሰው የቆመው የጅብራ ተክል ከጉሙ ውስጥ ወጣ፣ ተመልሶ ጠፋ። ያምራል። ማማሩ ራሱ አናደደኝ።

ከዚያ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ አመሻሽ ላይ ለማደር ወደሚወርዱበት ገደል አፍ ወሰዱን። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ አጠገቤ ተቀመጠች። የእኔ እኩያ ናት። በየዓመቱ እየመጣች ካንተ ጋር ጓሳን ትዞር ነበር አሉ። እጄን ይዛ አለቀሰችልህ። ቀጥላ ከቦርሳዋ ነጭ ጋዋን አወጣች። «ይሄን ለትርንጎ ስጪልኝ። አባቷ አምና ነርሲንግ ሁለተኛ ዓመት ናት ብሎኝ ነበር፤ ዘንድሮ ሦስተኛ ገባች ማለት ነው» አለችኝ።

ስለ ሌላ ሰው ልጅ የምታወራ መሰለኝ።

ትርንጎ ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትኩሳቱ ሲጠናባት በቃሬዛ ይዘናት መሐል ሜዳ ከተማ ወዳለው ሐኪም ቤት ስንሄድ፣ እጇን እንደያዝኩ መንገድ ላይ ቀረች። አንተ ከፊት ተሸክመህ ነበር። አልተናገርኩም፤ ግን እርምጃህ ቆመ። ከአርባዋ በኋላ ልብሷን ጠቅልለህ ከቤት አወጣህ። ስሟን ስጠራ ጋቢህን አንስተህ ትወጣለህ። አንድ ቀን «በዚህ ቤት ስሟ እንዳይነሳ» አልከኝ። እኔም አላነሳሁም። ውሃ ስቀዳ አለቀስኩ፤ በረት ገብቼ አለቀስኩ። ይሄ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው፣ ልጁን ረሳት ብዬ ኖርኩ።

ለካ አንተ እዚያ ጓሳ ላይ እያሳደግካት ነበር።

ለሴትዮዋ እውነቱን ነገርኳት። «ልጄ ሞታለች። በዘጠኝ ዓመቷ» አልኳት። ጋዋኑ እጇ ላይ ቀረ። ደምሴን ዞሬ አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ያውቅ ነበር። «እትዬ፣ ስለ እሷ ሲያወራ ፊቱ ይፈካ ነበር። እንዴት ብዬ ልከልክለው?» አለኝ። በእሱም ተናደድኩ።

እንሂድ ሲሉ እምቢ አልኩ። ሴትዮዋን «የነገረሽን ሁሉ ንገሪኝ፤ አንድም እንዳታስቀሪ» አልኳት። ነገረችኝ። ስምንተኛ ክፍልን አንደኛ ወጥታ አለፈች። መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ ስትማር፣ አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ታደርስላት ነበር። አሥረኛ ክፍል ሳለች ጸጉሯን ተቆርጣ ብትመጣ ተቆጣሃት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አውቶቡስ ድረስ ሸኘሃት፤ እናቷ ግን እንባ አሸንፏት ከቤት አልወጣችም። እኔንም ጨምረኸኛል። እኔ እኮ ታች ቤት ውስጥ ነበርኩ፤ ደክሞህ ትመጣለህ ብዬ የእግር ውሃ አሙቄ እጠብቅህ ነበር።

ውሸቱን ይቅር እልህ ነበር። ብቻህን ማሳደግህን ግን አልችልም። አንድ ምሽት መጥተህ «ዛሬ ስምንተኛን አለፈች» ብለኸኝ ቢሆን፣ አብደሃል አልልህም ነበር። አብሬህ አሳድጋት ነበር። ስለ ጸጉሯ ስትቆጣት እኔ በመሃል እገባ ነበር። ለማታውቃቸው ሰዎች ልጅህን ሰጠሃቸው፤ ለእኔ የተረፈኝ ጀርባህ ነው።

ጋዋኑን አልተቀበልኩም። ለምትማር ልጅ ስጪው አልኳት። ጭላዳዎቹ ገደሉን ይዘው ወርደው እስኪያልቁ ሁለታችንም እዚያው ተቀመጥን። ከዚያ ቤቴ አደረሱኝ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን አናገርኳቸው፤ ለሙት ዓመትህ ጸሎት የክርስትና ስምህን ከእሷ ስም ጋር አስያዝኩ። ወንድምህ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ስለ ትርንጎ አወራሁለት። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና እሱም የሚያስታውሰውን ያወራ ጀመር። እስኪመሽ አወራን።

ከእንግዲህ በዚህ ቤት ስሟ ይነሳል፤ ያንተም ይነሳል። በሕይወት እስካለሁ አልረሳህም። ይቅር ያልኩህ ግን እንዳይመስልህ። አሁን እሷ ዘንድ ከሆንክ፣ ያን ሁሉ ዓመት እናቷ ብቻዋን ታለቅስላት እንደነበር ንገራት። አንተ ካልነገርካት፣ እኔ ስመጣ እነግራታለሁ።