ዋሷ ምድር ቤት ተገኙ

ዋስ ተገኝቷል። ልብስ ሰፊዋና ልጇ ከሕንፃችን አይወጡም። ሰላምታ ማስቀደም እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ ደስ ሲለኝ ግን አፌ ቀድሞኝ እንደሚሮጥ እርስዎም ያውቃሉ።

ክቡር የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን ተሻለዎት ወይ? በሩ ላይ አራተኛውን ጓጉንቸር ሲያንጠለጥሉ ጎንበስ ብለው መቆየትዎን አይቼ አዝኜ ነበር። ፈጣሪ ጤናውን ያብዛልዎ፤ ጓጉንቸሩ ግን ይበቃናል።

ይህን ደብዳቤ ከማስታወቂያዎ ጎን የለጠፍኩት ወጪ ወራጁ እንዲያነበው ነው። ምስጋናዬንም በቁጥር አቀርባለሁ፤ ኮሚቴው ቁጥር ይወዳል።

አንደኛ፣ በየስብሰባው መክፈቻ አገራቸውን ጥለው ለተሰደዱት ስለሚያደርሱት ረጅም ጸሎት አመሰግናለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ «መጠጊያ ስጣቸው» እያልን ቆመን እግራችን ዝሏል። ጥፋቱ ጸሎታችን መሰማቱ ነው። የተሰጣቸው መጠጊያ እኔ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ያለችው ትርፍ ክፍል ሆነችና ኮሚቴው ደነገጠ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኛ የደረሰብን የጸለይነው ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። የልብስ ሰፊዋን የስፌት መኪና በጨርቅ ተጠቅልላ ቢያዩዋት ምንነቷ ሳይጣራ ደረጃ እንዳትወጣ አዘዙ፤ መኪናዋም ዘበኛው ጋ ሁለት ቀን ታስራ ተፈታች። በሳምንቱ የሱሪዎ ዚፕ የተቀየረው በእሷው ነው። ሱሪውን ያመጡት ባለቤትዎ ናቸው፤ እኔ ለማንም አልተናገርኩም።

ሦስተኛ፣ ማስታወቂያዎ ከውጭ አገር የመጣ ሰው በሕንፃው ሠላሳ ዓመት የኖረ ዋስ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላቀረበ ይውጣ ይላል። እኔ እዚህ ከገባሁ ገና ሃያ ስድስት ዓመቴ ስለሆነ አልበቃሁም። ልጅቷ ማስታወቂያውን አንብባ፣ ማንም ሳይነግራት፣ ደብተሮቿን በፌስታል ቋጥራ በሩ ሥር አስቀመጠች። 

ከዚያ በጣቴ ስቆጥር ሠላሳ ዓመት የሞላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ እርስዎ ነዎት፤ እርስዎን ማስቸገር ነውር መሰለኝ። ሁለተኛዋ ምድር ቤት ያሉት እናትዎ ናቸው።

እማማ መነጽራቸውን አስመጥተው የዋስትና ቅጹን ፈረሙ። «ካወቋት ስንት ጊዜዎ ነው?» የሚለው ጋ ስንደርስ አርባ ዘጠኝ ዓመት ብለሽ ጻፊ አሉኝ። ኧረ እማማ፣ እሷ ራሷ ገና ሠላሳ አራቷ ነው ብላቸው፣ «አገሬን ጥዬ፣ ልጅ አዝዬ፣ በዚህ በር ከገባሁ ጀምሮ አውቃታለሁ» አሉ። እንዳሉኝ ጻፍኩ። የታዘለው ማን እንደነበር ቅጹ ስለማይጠይቅ ዘለልኩት። ፌስታሉ ተፈቷል፤ ደብተሮቹም መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ከስብሰባ ቀርታ የማታውቅ፣ ሲናገሩ ጣልቃ የምትገባብዎ፣ ጸሎትዎንም እስከ መጨረሻው ቆማ የምትሰማ ታዛዥ ጎረቤትዎ፣
የሦስተኛ ፎቋ

ማስታወሻ፦ ያኔ ዋስዎ ማን ነበር ብዬ እማማን ጠይቄያቸው ነበር። ዝናብ ነበር፣ ግቢ አሉኝ፣ ሌላ የጠየቀኝ የለም አሉ። ዝርዝሩን ራሳቸው ይነግሩዎታል። ቀጣዩን ስብሰባ በጸሎት እርስዎ ይከፍቱልናል፤ ለዚያ ቀን እንኳ ያሳጥሩት፣ የጸሎቱ መልስ ከፊትዎ ይቀመጣል። አራቱም ጓጉንቸሮች ወልቀው፣ ሁላችሁም የየራሳችሁን ወንበር ይዛችሁ፣ እናትዎ ቤት፣ የፊታችን እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንገናኝ።