የክላስ ልጅ ያን፣ የአስፋው ልጅ ትርሲት

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የመጀመሪያውን ሙት ዓመትህን ሮተርዳም፣ የአገር ቤት ጎረቤታችን ወይዘሮ አልማዝ ቤት ተሰብስበን አሰብን፤ ሁለተኛውን ግን ብቻዬን፣ እዚሁ ዘ ሄግ፣ ከመቃብርህ ፊት ለፊት ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ አሳለፍኩት። ጉም ወርዶ ስለነበር ዛፎቹ ከወገባቸው በላይ አይታዩም ነበር፤ በመካከላቸው የሚያልፉት ሰዎችም እግራቸው መሬት የሚነካ አይመስልም ነበር። ከእነሱ አንዱ አንተ ሆነህ ብትገኝ ብዙም አልደነግጥም ነበር።

እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ስላልናፈቅኩህ አይደለም። ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ስትሠራ ያልተዘጋ መዝገብ ለማንም አታሳይም ነበርና፣ እኔም ያላለቀ ጉዳይ ይዤ ፊትህ መቅረብ አፈርኩ። ጉዳዩ ባለፈው ሐሙስ ስላለቀ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሃለሁ።

በቅድሚያ የቤቱን ወሬ ላድርስህ። ስኪልደርስዋይክ ሰፈር ያለው ቤታችን እንደነበረ ነው። ትራሙ ከመስኮታችን በታች ሲታጠፍ ብርጭቆዎቹ አሁንም እርስ በርስ ይነካካሉ። አልጋህን ለጋሽ ተክሌ ሰጠኋቸው፤ ጀርባቸውን ያማቸዋል። ብዙ ዓመት የፍርድ ቤታችሁ ሹፌር ሆነው መኖራቸው ወገባቸውን አላተረፈውም። ላክ በሚባል ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለችው ጠባብ ክፍላቸው አልጋውን ሲያወጡ፣ “አስፋው ሞቶም ያሸክመኛል” እያሉ ደረጃውን ሙሉ አጉረመረሙ። ከዚያ በር ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሞትክ ዕለት እጅህን ይዤ ነበር። በሳምንቱ የሞት የምስክር ወረቀትህን ልወስድ ስሄድ ግን፣ ከስምህ ሥር “ልጅ የለውም” የሚል ተጽፎ አገኘሁ። የመቃብሩ መዝገብ ላይ ደግሞ እኔ “ወዳጅ” ተብዬ ሰፍሬ ነበር።

ስህተቱ የመጣው ከትክክለኛነትህ ነው፣ አባዬ። ከሰባት ዓመት በፊት እዚህ አገር የገባን ዕለት የሞላኸውን ቅጽ ታስታውስ ይሆናል። መነጽርህን አድርገህ፣ ብዕሩን በወረቀት ጥግ ሞክረህ፣ ችሎት የሚቀርብ ይመስል እያንዳንዱን ቃል አስተካክለህ ጻፍክ። የቤተሰብ ስም ለሚለው፣ ለአንተ የአባትህን ስም “ወልዴ” አልክ። ለእኔ ደግሞ የአባቴን ስም “አስፋው” ብለህ ሞላህ። በእኛ ሥርዓት ሁለቱም እውነት ነው። ዐሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ስለነበር የራሴ ፋይል ተከፈተልኝ። ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ወረቀት ላይ አንተ ከወልዴ ቤት የመጣህ ብቸኛ ሽማግሌ፣ እኔ ከአስፋው ቤት የመጣሁ ብቸኛ ልጃገረድ ሆነን፣ በአንድ አድራሻ የምንኖር ባዕዳን ሆንን። የልደት ወረቀቴ በሸሸንበት ሌሊት እቤት ቀርቷል።

የማዘጋጃ ቤቷ ሠራተኛ ክፉ ሴት አልነበረችም። ቀላል መንገድ አሳየችኝ፤ ስሜን ወደ “ወልዴ” ባስለውጥ ሁለታችን አንድ የቤተሰብ ስም ስለሚኖረን ነገሩ እንደሚቀል ነገረችኝ። ቅጹን ተቀብዬ ብዕሬን አወጣሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ትርሲት ወልዴ ብባል ወንድሜ ልትሆን ነው። ልጅህ መሆኔን ለማስመስከር ልጅነቴን መፋቅ አልቻልኩም። ወይዘሮ አልማዝ ይህን ስትሰማ፣ “አንቺ ልጅ፣ ይሄ ግትርነትሽ ራሱ የአስፋው ልጅ ነኝ ብሎ ይጮሃል፤ ማኅተም ምን ያደርግልሻል?” አለችኝ። እኔ ግን ማኅተሙን ፈልጌው ነበር።

በዚያው ሰሞን ዶሮቲን አገኘኋት። ጡረታ የወጣች አሜሪካዊት መምህርት ስትሆን ከባሏ ጋር አምስተርዳም አጠገብ አምስተልቨን በምትባል ከተማ ትኖራለች። የቀድሞ አባቶቿ፣ አሜሪካ ገና ቅኝ ግዛት ሳለች፣ ከአምስተርዳም በመርከብ ሄደው ትልቅ ወንዝ ዳር የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ሐረጓን ወደ ኋላ የምትከተለው ከዚያ ባመጣቻቸው የኑዛዜና የፍርድ ቤት መዝገብ ቅጂዎች ነው። እኔ የድሮውን የደች፣ የሆላንዶችን፣ እጅ ጽሕፈት ማንበብ በማታ ትምህርት ተምሬ ስለነበር በሳምንት ሦስት ቀን እንድረዳት ቀጠረችኝ።

የምንሠራበትን የአምስተርዳም መዛግብት ቤት አዳራሽ ብታየው እወድ ነበር። ከመስኮቱ ሥር ቦይ አለ፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል የውኃው ጥላ ጣሪያው ላይ ይዋኛል፤ ከውኃ በታች ተቀምጦ ማንበብ ይመስላል። ሦስት መቶ ዓመት የሞላው ወረቀት ሲገለጥ የደረቀ ሣር ይሸታል። አንዳንድ ቀን እነዚያ ሰዎች ራሳቸው መጥተው ከአጠገባችን የሚቀመጡ ይመስለኝ ነበር። መርከበኞች፣ መበለቶች፣ እንጀራ እናቶች፣ ሁሉም ተራቸው እስኪደርስ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። እኔ አነባለሁ፤ ዶሮቲ በጽሕፈት መኪናዋ ትመታለች፤ እነሱ ይሰማሉ። አንተም ከኋላቸው፣ በሩ አጠገብ፣ ቆመህ ታየኛለህ።

የዶሮቲ ጭንቀት አንድ ሰው ነበር። ክላስ ሄንድሪክስ የተባለው የጥንት አያቷ በኑዛዜው፣ “ለልጄ ለያን መሬቱን፣ ለልጄ ለግሪት አልጋውንና ቀይዋን ላም” ብሏል። ዶሮቲ የግሪት ወገን ናት። የግሪት ወንድም፣ ያን ሄንድሪክስ፣ ከዚያ ኑዛዜ በኋላ በአንድም መዝገብ አይገኝም። በፍርድ ቤቱ መዝገብ መሬቱን ይዞ ከጎረቤት ጋር ስለ አጥር የሚከራከረው ያን ክላስ የሚባል ሰው ነው። ስለዚህ በቤተሰባቸው፣ ያን ክላስ የሚባል ባዕድ የልጁን ርስት ነጥቆ ምናልባትም ልጁን አጥፍቶት ይሆናል እየተባለ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወራ ኖሯል። ዶሮቲ የጠፋውን ወንድም አራት ዓመት ፈልጋዋለች።

ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን አድርጋ ስታሳየኝ ሳቄ መጣ።

“ዶሮቲ፣ ሌባው እኮ ልጁ ነው።”

“የማን ልጅ?”

“የክላስ ነዋ! ሄንድሪክስ ‘የሄንድሪክ ልጅ’ ማለት ነው፤ የክላስ አባት ስም ነው። ያን የያዘው የራሱን አባት ስም ነው። እኔም የአባቴን ስም ነው የያዝኩት።”

መነጽሯን አወለቀች። ሁለቱን ስሞች በጣቷ ደጋግማ ተከተለቻቸው። “እናቴ፣” አለች በመጨረሻ፣ “ሥጋ የሚሰርቀውን ውሻችንን ያን ክላስ ብላ ነበር የምትጠራው።” ከዚያ ሁለታችንም በጸጥታው አዳራሽ ውስጥ አፋችንን ይዘን እስክናለቅስ ሳቅን። የአዳራሹ ኃላፊ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሁለት ጊዜ መጣ።

አባዬ፣ ልጅ ሳለሁ ሰባት ቤት ስታስቆጥረኝ እያንዳንዱ ስም የሚቀጥለውን እጁን ይዞ ሲያመጣው ይታየኝ ነበር። ያን ከክላስ፣ ክላስ ከሄንድሪክ፤ እነዚህም እንደ እኛ ሰልፍ ይዘው መጡ። እንግሊዞች ያንን ቅኝ ግዛት ወስደው ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ስም ይሁን እስኪሉ ድረስ እዚያ የሰፈሩት ደቾችም እንደ እኛ ነበሩ።

ዶሮቲ ያንኑ ስለ ዘሯ በምታዘጋጀው መጽሐፍ ልትጽፈው ተቻኮለች። እኔ ከለከልኳት። የእኛ አገር ልማድ በእነሱ ላይ ማስረጃ አይሆንም፤ አንተ ብትኖር፣ “መሰለኝ የሚባል ሰነድ አላውቅም” ትል ነበር። ሦስት ወር የውል አዋዋዮችን መዛግብት አገላበጥን። በመጨረሻ፣ ዝናብ መስኮቱን ሲያጥብ በዋለበት አንድ ማክሰኞ፣ ወረቀቱ ወጣ። ያን አባቱን ተከትሎ ከመሳፈሩ በፊት፣ ሁለት አሮጊት ጎረቤቶቹ አምስተርዳም ውስጥ ውል አዋዋይ ፊት ቀርበው ምለዋል። ይህ ወጣት ቀድሞ ወደ ማዶ የተሻገረው የክላስ ሄንድሪክስ ልጅ መሆኑን፣ ከመካከላቸውም አንደኛዋ ሲወለድ በሽርጧ እንደተቀበለችው ተናግረዋል። መጻፍ ስለማይችሉ ሁለቱም የመስቀል ምልክት አድርገዋል።

ዶሮቲ ቅጂውን ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ “ይቅርታ፣ ያን” አለችው። እኔ ግን ዐይኔ ከሁለቱ መስቀሎች አልተነሣም። እነዚህ ሴቶች የልደት ወረቀት አልነበራቸውም። ያዩትን ነው የተናገሩት። እኔ ደግሞ ያዩ ሰዎች በሕይወት አሉኝ፤ አንደኛው በአልጋህ ላይ ይተኛሉ።

በነጋታው ዘ ሄግ ፍርድ ቤት ሄጄ፣ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው እንዲህ ዓይነት ምስክር ዛሬም ማቅረብ ይችል እንደሆነ ጠየቅኩ። ይችላል፤ አራት ሰው ያስፈልጋል አሉኝ። ለምን ማንም ቀድሞ እንዳልነገረኝ ጠየቅኩ፤ ማንም እንዳልጠየቀ ነገሩኝ።

ችሎቱ ጠዋት ነበር። ጋሽ ተክሌ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያወጡትን ካፖርት ለብሰው መጡ። ወይዘሮ አልማዝ ከሆስፒታል ጽዳቷ ፈቃድ ወስዳ ከሮተርዳም በባቡር ደረሰች፤ በመጀመሪያው ዓመት ክፍል ያካፈሉን ባልና ሚስትም ነበሩ። ዳኛው በአስተርጓሚ በኩል ጋሽ ተክሌን፣ የአስፋው ልጅ መሆኔን እንዴት እንደሚያውቁ ጠየቋቸው።

“ጌታዬ፣” አሉ፣ “ይቺ ልጅ የተወለደች ዕለት አቶ አስፋው የፍርድ ቤቱን ማኅተም ጠረጴዛ ላይ ጥሎ፣ ባርኔጣውን ረስቶ ሮጠ። መንገድ ላይ በመኪና ደርሼበት ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ። ስመለስ ማኅተሙን ሌላ እንዳይነካው ኪሴ ከተትኩት። ሹፌር ማኅተም ይዞ ተገኘ ተብዬ ሦስት ቀን ተመረመርኩ!”

“ጋሽ ተክሌ፣ የተጠየቁትን ብቻ ይመልሱ፣” አለች ወይዘሮ አልማዝ በሹክሹክታ።

“ተይኝ ባክሽ! ሃያ አምስት ዓመት የሚጠይቀኝ አጥቼ ነው። እሷ ባትሆን፣ ያ ሰው ለማን ብሎ ነው ማኅተም የሚጥለው?”

አስተርጓሚው ሳይተረጉም ሳቀ፤ ዳኛው ብዕራቸውን ይዘው በትዕግሥት ጠበቁ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አንድ ቀን እንኳ ነጥብ የማያመልጥህ አባቴ፣ በዕድሜህ የፈጸምከውን ብቸኛ የሥራ ጥፋት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። አንድም ቀን አልነገርከኝም። አፍረህበት ነበር ወይስ ለራስህ ደብቀህ የምትደሰትበት ነበር? መልስህን ልሰማ ዞር ብዬ በሩን አየሁ።

ባለፈው ሐሙስ ማዘጋጃ ቤት ተጠራሁ። ትልቁን የሞት መዝገብ አውጥተው በስምህ አጠገብ፣ ኅዳጉ ላይ፣ በጥቁር ቀለም አዲስ የተጻፈውን መስመር አሳዩኝ፤ በፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት ሟቹ ትርሲት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለችው ይላል። ሠራተኛዋ ስህተት ካለበት እንድናገር ጠየቀችኝ። ጣቴን ከእያንዳንዱ ቃል ሥር እያደረግኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚታረም አላገኘሁም። ከዚያ ወደ መቃብሩ ጽሕፈት ቤት ሄጄ “ወዳጅ” የሚለው ሲሰረዝ ቆሜ አየሁ። ስወጣ ጎዳናው ላይ ብርሃን ነበር፤ ብስክሌቶቹ ድምፅ ሳያሰሙ የሚያልፉ ይመስሉ ነበር፤ ትራሙንም ሳላስተውል አሳልፌው በእግሬ ቤት ደረስኩ።

አንድ ቀን ልጆች ብወልድ የሚይዙት የአባታቸውን ስም ነው፤ የአንተ ስም ከእኔ ወዲያ በማንም ስም ላይ አይከተልም። ይህን አውቄ ቃል እገባልሃለሁ። ሰባት ቤት ሲቆጥሩ በእናታቸውም በኩል እንዲቆጥሩ አስተምራቸዋለሁ፤ አስፋው የሚለው ላይ ሲደርሱም አስቁሜ፣ ይህ ሰው አንድ ቀን ማኅተሙን ጥሎ፣ ባርኔጣውን ረስቶ፣ በመንገድ ላይ እንደሮጠ እነግራቸዋለሁ።

የሮጥክላት ልጅህ፣
ትርሲት አስፋው